የእንቅልፋሙ ዘበኛ አነጋገር

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ሲተኛ፣ ሚዛን መጋረጃዋን ዘግታ ቀልድ ታያለች። ደስ ብሏት እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዋ ነው። ቅዳሜ ሌሊት በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ የአጫጭር ጭውውት ዝግጅት አለ። አገር ምድሩ ስቆበት ከተኛ በኋላ እሷ በማግሥቱ ቅጂውን ትከፍትና፣ የቱ ጭውውት እንደሠራ፣ የቱ እንደከሸፈ፣ ማን እንደተዋጣለት፣ ማን ያለ አቅሙ እንደተንጠራራ ለጋዜጣ ትጽፋለች። ጽሑፉ የሚወጣው «ሚዛን» በሚል ስም ነው። ስሙ ውሎ አድሮ ከጋዜጣው ወርዶ እሷው ላይ ተለጠፈና፣ ከዋና አዘጋጁ እስከ ሰፈሯ ባለሱቅ ድረስ ሁሉም ሚዛን ይላታል።

አመዛዘኗ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ድምፁን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ታያለች። «ጆሮ ሰነፍ ነው፣ ሌላው ሲስቅ ሰምቶ ይስቃል» ትላለች። ድምፅ ሲጠፋ የአዳራሹ ሳቅ አብሮ ይጠፋና፣ የሚቀረው የተዋናዩ እግር፣ እጅና ፊት ብቻ ነው። እዚያ ላይ ማታለል የለም። ቀጥላ ድምፁን ከፍታ ታያለች። በመጨረሻ ደግሞ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ፣ ሳህን እያጠበች፣ በጆሮዋ ብቻ ትሰማዋለች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «አንቺ ቀልድ አይደለም የምታዪው፣ ሬሳ ነው የምትመረምሪው» እያለ ይተርባት ነበር። እሷ ግን ምርመራዋን ትቀጥላለች። ቀልድን የሚያህል ከባድ ሥራ በምድር ላይ እንደሌለ ታውቃለችና።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ታዲያ አንድ ጉድ አለ። የዝግጅቱ ዋና ተዋናይ፣ አገር የሚያጨበጭብለት ሰውዬ፣ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጢሙ ሸብቷል፣ ልጅ ወልዷል፣ እሷ ዘንድ ግን ዛሬም ጩጬ ነው። አዘጋጁ ይህን ያውቃል። ገና ሲጀመር፣ «ወንድምሽን የምታሞጋግሺ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ሌላ ሰው ልፈልግ» ብሏት ነበር። ያየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሚዛን ማንንም እንደ ጩጬ አብጠልጥላ አታውቅም።

እህትና ወንድሙ ደግሞ የማይጣስ ውል አላቸው። ዝግጅቱ ካለቀበት ሰዓት ጀምሮ ጋዜጣው እስኪወጣ ድረስ አይገናኙም፣ አይደዋወሉም፣ አንዱ የሌላውን ስልክ አያነሳም። «ዳኛና ተከሳሽ በአንድ ገበታ አይበሉም» ያለው እሱ ነው። ጋዜጣው በወጣ ማግሥት ግን እቤቷ ይመጣና፣ ጽሑፏን ጮክ ብሎ እያነበበ በእያንዳንዱ መሥመር ሲሟገታት ያመሻል። አንዳንዴ ተኮራርፈው ይለያያሉ። ያም ሆኖ ለሁለቱም ከሳምንቱ ሁሉ የሚጥመው ያ ምሽት ነበር።

ጩጬ በቅርቡ ያገነነው ገጸ ባሕርይ «እንቅልፋሙ ዘበኛ» ይባላል። የመጋዘን በር ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ የሚያንቀላፋ፣ ሌባ ሲመጣ በትሕትና ተነስቶ በር የሚከፍት ሽማግሌ ነው። ሰው ድሮም ይወደው ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን ጩጬ አዲስ ነገር ጨመረበት። የዘበኛው ምላስ ከበደ። ቃላቱ አፉ ውስጥ ተኝተው በግድ የሚቀሰቀሱ ይመስል እየተጎተቱ መውጣት ጀመሩ። መንገድ ላይ ልጆች ሳይቀሩ እንደሱ ማውራት ያዙ። ለሙገሳ እጇ የማይፈታው ሚዛን እንኳን ባለፈው ጽሑፏ እንዲህ አለች፦ «ይህ አነጋገር ከትወና በላይ ነው። እንቅልፉ ከሰውየው አጥንት ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ይቀጥልበት።»

የዚያን እሑድ እንደልማዷ ሻይዋን ይዛ፣ ድምፁን ዘግታ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጭውውት አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች በግድግዳው በኩል ሲሰዳደቡ የሚያሳይ ነበር። ጥሩ ይጀምርና መጨረሻው ይጠፋበታል፤ ተዋናዮቹ መውጫው ስለቸገራቸው ዝም ብለው ግድግዳውን ይደበድባሉ። «ጀምሮ መጨረስ ያቃተው» ብላ ጫረች። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪምና የበሽተኛ ነገር ነው፤ ሐኪሟ ከበሽተኛው ይልቅ መርፌ ትፈራለች። ሐኪሟን የሆነችው የቡድኑ ቀጭኗ ተዋናይት ሥራውን በቅንድቧ ብቻ ጨርሳዋለች። ሚዛን «ቅንድብ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ሦስተኛው ላይ ዘበኛው መጣ።

ጩጬ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በግራ እጁ የእጅ ባትሪ ይዟል። ቀጭኗ ተዋናይት አሁን ሌባ ሆና፣ ባዶ ጆንያ በትከሻዋ አንጠልጥላ ትመጣለች። እሱ ብድግ ይልላታል፤ ሊናገር አፉን ይከፍታል። ሚዛን ሻይዋን ወደ ከንፈሯ እያስጠጋች ነበር። የወንድሟ አፍ ግራ ጥጉ ላይ ወረደ። ፈገግታም አይደለም፣ ማሽሟጠጥም አይደለም። ሚስማሩ እንደወለቀ መጋረጃ ያ ወገን ብቻውን ረገበ። ቀጥሎ ባትሪው ከእጁ ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ወደቀ። ጩጬ አንገቱን ደፍቶ እጁን አየው።

ሚዛን ያልወደደችው ይህን አስተያየት ነው። ሰው የራሱን እጅ እንደዚያ አያይም። የሌላ ሰው እጅ ከእጅጌው ውስጥ ወጥቶ ያገኘ ነበር የሚመስለው። ወዲያው ነቃ አለና ባትሪውን በቀኙ አንስቶ ብብቱ ሥር ወሸቀው፤ ተመልካቹም ወንበሩ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዛወዘ። ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን ላይ ሰዎቹ የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር።

ሻይዋን አስቀመጠች። ወደ ኋላ መልሳ አየችው። እንደገና መልሳ አየችው። ምናልባት በሦስተኛው አይረግብም ብላ ይሆን? ከንፈሩ በመጣ ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ይወርዳል። ይህን አፍ ታውቀዋለች።

አባታቸው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሕፃናት መቀሱን ፈርተው ሲያለቅሱ በመስተዋቱ ውስጥ ፊቱን እያጣመመ ያስቃቸዋል፤ ደንበኛውም በዚያ የበዛለት ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንኪያውን እንደያዘ ፊቱን ወደ አንድ ወገን አጣመመ። ልጆቹ ሳቁ። እናታቸውም «በቃ፣ ምግብ ላይ አይቀለድም» አለችው እየሳቀች። ፊቱ ግን አልተመለሰም። ከሁሉም ረዝሞ የሳቀው ጩጬ ነበር፤ ያኔ ገና የወተት ጥርሱ ያልረገፈ ልጅ ነው። አባታቸው ከዚያ ወንበር በሰው ሸክም ተነሳ፤ ሳምንቱንም አልጨረሰ። እናታቸው ከዚያ በኋላ በሰው ቤት ልብስ እየሰፋች ስታሳድጋቸው፣ ማታ ደክሟት ስትገባ ጩጬ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ያጣምምላታል፣ እሷም ሳትወድ ትስቃለች። ተዋናይነቱ የተጀመረው እዚያ በር ላይ ነው። ስለዚያ ምሳ ግን እህትና ወንድም አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ሚዛን ድምፁን ከፈተች። ምናልባት ጆሮዋ ዓይኗን ያስተባብል እንደሆነ ተስፋ አድርጋ ነበር። አዳራሹ በሳቅ እየፈረሰ ነው። «ቁል… ቁል…» ይላል ዘበኛው፤ የቀረው ጠፍቶበታል። ቀጭኗ ተዋናይት ቆም አለች። ለቅጽበት ዓይኗ ተለወጠ፤ ሌባዋ ጠፍታ የሥራ ባልደረባው ብቅ አለች። ወዲያው ግን ወደ ቦታዋ ተመለሰችና፣ «ቁልፉን ከሆነ አይቸገሩ አባቴ፣ እኔው ይዤ መጥቻለሁ» አለች። አዳራሹ እንደገና ፈረሰ።

የቡድኑ ሕግ ይህ ነው። ሰማይ ቢደፋ ማንም ከገጸ ባሕርይው አይወጣም። መብራት ቢጠፋ፣ ግድግዳ ቢወድቅ፣ ሰው ቃሉን ቢረሳ፣ እዚያው ጭውውቱ ውስጥ ሆነው ይወጡታል። ሚዛን ይህን ሕግ በጋዜጣ ስንቴ አወድሳዋለች። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እንግዲህ ለሷ ነው።

ስልኳን አነሳች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደገመች። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባላት፦ «ክብርት ዳኛ፣ ውሉን አፍርሰዋል። ተከሳሹ ቁርስ ላይ ነው።» ሳቅ የመሰለ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ። እንግዲያው ደህና ነው። ቁርስ ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ይጽፋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ አለች ለራሷ። ተዋናይ አይደል እንዴ፣ ምናልባት የአባቱን ፊት አስታውሶ ቀድቶት ይሆናል። የሰው ሐዘን አይበቃቸውም፣ የራሳቸውንም ያወጡታል እነዚህ ሰዎች። በዚህ ራሷን አባብላ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች።

«የዚህ ሳምንቱ ዘበኛ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። «ባትሪው ከእጁ ሲወድቅ ያሳየው ጥንቃቄ…» ብላ ሰረዘችው። «ግማሽ ፊቱን ብቻ አስተኝቶ…» አለችና እስክሪብቶውን ጣለችው። ከንፈርን ማጣመም ይቻላል፤ ጉንጭ ግን በትእዛዝ አይሞትም። ዕድሜዋን ሙሉ ፊት ስታይ የኖረች ሴት ይህን ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ተነሳች። ካፖርቷን በቤት ልብሷ ላይ ደረበች፤ ደጁን ዘግታ ይሁን ከፍታ ትውጣ አላስተዋለችም።

ባለታክሲው ወጣት ነው፣ ዝምታ የማይሆንለት ዓይነት። «እናቴ፣ የማታውን ዘበኛ አዩት?» አላት ገና በሩን ሳትዘጋ። «ቁል… ቁል…» ብሎ አፉን አጣመመና በራሱ ሳቀ።

«ልጄ፣ ትንሽ ፈጠን በልልኝ።»

«ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው ነው የሚገርመኝ።»

«እኔንም» አለች በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች።

እሑድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ቢሆንም ቀይ መብራት ባቆማቸው ቁጥር የፊቱን ወንበር በእጇ ትገፋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው አባባል ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ሌላ ነገር ልታስብ ሞከረች። የጥርስ ሐኪሟን ቅንድብ፣ የጎረቤታሞቹን ግድግዳ አሰበች። ሁሉም መንገድ ወደዚያ ወደረገበው ጉንጭ ይመልሳታል።

በሩን የከፈተችላት የወንድሟ ሚስት ናት። «እትዬ፣ ምነው? ጋዜጣው ሳይወጣ?» አለች ደንግጣ፤ በዚያ ቤት ሚዛን እሑድ ቀን መጣች ማለት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከበስተኋላዋ ጩጬ በፒጃማ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለትንሿ ልጁ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። በሁለት እጁ ይልጣል። ፊቱም ሙሉ ነው።

«ዳኛዋ በእግራቸው መጡ» አለ ጥርት ባለ አነጋገር። «ልጄ፣ ወንበር አምጪላቸው። ችሎቱ እዚህ ሊሆን ነው።»

ሚዛን ግድግዳውን ተደገፈች። እፎይታው የመጣው ከእፍረት ጋር ነበር። «ስልክ የማታነሳው ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ውል ውል ነው።»

«እጆችህን ወደ ላይ አንሳ እስቲ።»

«ዘረፋ ነው?» አለና ሁለቱንም አነሳቸው፣ እንቁላሉን እንደያዘ። ልጅቷ ሳቀች። «ፈገግ በል» አለችው ሚዛን። ጥርሱን ሁሉ አሳያት። እኩል ነበር። ሚስቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች፣ «እናንተ ሰዎች ዛሬ ምን ነካችሁ?» አለች።

ሚዛን ግን ዓይኑን አየች። ዓይኑ አብሮ አልቀለደም። ክንዱን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ወሰደችውና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ማታ ባትሪው ሲወድቅ አይቼሃለሁ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ድምፁን ዘግቼ ነው ያየሁት። እጅህን እንዴት አድርገህ እንዳየኸውም አይቻለሁ። ጩጬ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ጩጬ ቀልድ ፈለገ። ሲፈልግ ታየዋለች፤ አላገኘም። የውሃውን ቧንቧ ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ይመጣል፣ ይሄዳል» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ የመጣው ልምምድ ላይ ነው። ምላሴ ድንገት ከበደኝ። የቡድኑ ልጆች በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ። እኔም ለዘበኛው ያመጣሁለት ነው አልኳቸው። ለራሴም እንደዚያው አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንቺ ጻፍሽ። ይቀጥልበት አልሽ።»

ክው አለች። እሱ ሊወቅሳት ብሎ አልነበረም፤ እንደዋዛ ነው የተናገረው፣ እሷን የገደላትም ይኸው ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ፈርቼ ነዋ፣ እትዬ። ዘበኛው ላይ ሲመጣ የሱ ነው፣ የኔ አይደለም። ኮፍያውን ሳወልቅ እዚያው ትቼው እሄዳለሁ። ለአንቺ ከነገርኩሽ ግን የኔ ሊሆን ነው።» ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። «የአባባ ነው እኮ። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ልበስ» አለችው። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ነገ። ዛሬ ልጅቷን መናፈሻ እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ዛሬ ነው የምልህ።»

«እሺ በቃ፣ ዛሬ። ቁርሴን ልጨርስና» አለ፤ ወደ ጠረጴዛውም ተመለሰ። እዚያው ጎትታ ልታወጣው ይገባ ነበር የሚል አይጠፋም። ይህን ለሷ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ጩጬ ተቀመጠ። ለልጁ አንድ ነገር ሊነግራት ዞረ። «ዳ…» አለ። «ዳቦ…ው…» የሻዩ ስኒ ከእጁ ተንሸራትቶ ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ፤ ግራ ጉንጩ ረገበ። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። «እማዬ፣ ዘበኛው መጣ፣ ዘበኛው መጣ» እያለች ታጨበጭባለች። ሚስቱም እየሳቀች ፎጣ አነሳችና፣ «አንተ ሰው፣ የጠረጴዛ ልብሱን አበላሸኸው እኮ» አለችው።

«አትሳቁ» አለች ሚዛን። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «እንዳትስቁ። እየቀለደ አይደለም።»

የሚስቱ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ባሏን አየችው። እሱ እጁን እያየ ነበር።

ባለታክሲው አልሄደም። የማን ቤት እንደሆነ ገብቶት፣ ዘበኛውን በዓይኑ ሊያይ መኪናውን አጥፍቶ ቆሟል። ጩጬ በእህቱና በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ብቅ ሲል የባለታክሲው ጥርስ በሙሉ ተገለጠ፤ ፎቶ ሊያነሳም ስልኩን አወጣ። ቀረብ ሲሉ ግን የሚስቱን ፊት አየ። ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወረና የኋላውን በር ከፈተላቸው። ልጅቷን ጎረቤት ተቀብላ አስቀረቻት።

መንገድ ላይ የሚዛን ስልክ ጠራ። አዘጋጁ ነው። «አንቺ፣ ጽሑፉ የት ደረሰ? ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዘበኛው ነው። ርዕሱን እኔው አውጥቼልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ አልጽፍም።»

«ምን ማለት ነው አልጽፍም?»

«ያየሁት ቀልድ አልነበረም» አለችና ዘጋችው። ጩጬ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ጥሏል። ምራቁ በካፖርቷ ላይ ሲወርድ ታያለች። ደህናው እጁ አንድ ጣቷን ጨብጧል፤ ልጅ ሆኖ መንገድ ስታሻግረው የሚይዛት እንደዚያ ነበር። እየያዘኝ ነው፣ እስከያዘኝ ድረስ አለ፣ እያለች ራሷን ታጽናናለች። ጣቱ ትንሽ በላላ ቁጥር ነፍሷ ከሥጋዋ ትላቀቃለች።

የሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ የቆመው ጥበቃ ዝቅ ብሎ በመስኮቱ አየ። ፊቱ በራ። «ጌታዬ፣ አለቃችን» ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠና፣ እሱም ምላሱን እየጎተተ «ቁል… ፉን…» አለ።

«በሩን ክፈት» አለው ባለታክሲው።

«ካሜራው የት ጋ ነው ያለው?» አለ ጥበቃው፤ ኮፍያውን እያስተካከለ ዙሪያውን ቃኘ። ቀረጻ መስሎታል። ባለታክሲው ወርዶ የግቢውን በር እራሱ ገፍቶ ከፈተው።

እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ የባሰ ነበር። ሰው በረድፍ ተቀምጧል። ክንዱን ያሰረ አለ፣ ሕፃን ያቀፈች አለች፣ ጥግ ላይ የሚያስል ሽማግሌ አለ። ጩጬ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ አንዲት ልጅ በጣቷ ጠቆመች። ሹክሹክታው ረድፉን ተከትሎ ሄደ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የሚወዱትን ሰው ድንገት ያገኙ ሰዎች ሳቅ ነው። የመዝገብ ሠራተኛዋ ሳትቀር ከመስኮቷ ብቅ ብላ፣ «ስምዎትን ይንገሩኝ፣ ግን በዘበኛው አነጋገር እንዳይሆን» አለችው እየተሽኮረመመች። ጩጬ አፉን ከፈተ። «እ…» አለ። አዳራሹ በአንድ ላይ ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሚስቱ እንኳን እንባዋ እየወረደ ከንፈሯ ለፈገግታ ተላቀቀ።

ጩጬስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደህናውን እጁን ሰደደ፣ የሞተውን እጁን ከአንጓው ያዘ፣ ወደ ላይ አነሳና ለሕዝቡ ሰላምታ ሰጠበት። ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ሚዛን እጁን ቀምታ ጭኑ ላይ መለሰችው።

«ዝም በሉ» ብላ ጮኸች። በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። «ሰውዬው ታሟል። ዓይናችሁ እያየ ሊሞት ነው። ዝም በሉ።»

ጸጥ አለ። ሽማግሌው ሳሉን እንኳን ዋጠው።

አንዲት ሐኪም ከውስጥ ወጣች፤ ወጣት ናት፣ ሁካታውን ሰምታ ልትቆጣ የመጣች ትመስላለች። የጩጬን ፊት እንዳየች ቁጣውን ትታ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። «እጅዎትን ያንሱ። ይሄን ጣቴን ይጭመቁ። ይህ ምን ይባላል?» ብላ እስክሪብቶዋን አሳየችው። ጩጬ እስክሪብቶውን አየው። እንደሚያውቀው ያስታውቃል፤ ስሙ ግን አልመጣለትም። «መቼ ነው የጀመረው?» አለች ሐኪሟ። ሚዛን ነገረቻት። አሁን ቁርስ ላይ፣ ዓይኔ እያየ፤ ማታም መጥቶ ለቆት ነበር፤ ከዚያም በፊት።

«ብዙ ሰው ተኝቶ ሲነሳ ይሻለዋል እያለ ነው የሚያቆየው። እናንተ ቶሎ አምጥታችሁታል» አለች ሐኪሟ። «የረጋውን ደም የሚፈታ መድኃኒት አለን። መጀመሪያ ግን ጭንቅላቱን በመሣሪያ ማየት አለብን። ተስፋ አለው፤ ቃል ግን አልገባላችሁም።»

ወንበሩን ወደ ውስጠኛው በር መግፋት ጀመሩ። ሚዛን ጣቷን እንደገና አስጨብጣው ጎን ጎኑን ትሄዳለች። በሩ ላይ ሲደርሱ አንዲት ነርስ፣ «ከዚህ በኋላ ቤተሰብ አይገባም» አለች። ጩጬ የእህቱን ጣት አልለቀቀም። ዓይኑ አዳራሹ ላይ ነበር፣ ጸጥ ባለውና አንገቱን በደፋው አዳራሽ ላይ። እንደዚያ ፈርቶ አይታው አታውቅም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ለምን… ዝም… አሰኘሻቸው» አላት፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ። «ሲስቁ… አልፈራም።»

ሚዛን ቀና አለች። ወደ ሰዎቹ ዞረች። «እባካችሁ» አለች፤ «ሳቁለት።»

ማንም አልሳቀም። እንዴት ይሳቁ? አሁንማ አውቀዋል። አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ይዟል፤ አንዷ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች። ቅድም የጠቆመችው ልጅም ጣቷን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ደብቃለች። ነርሷ ወንበሩን ገፋ አደረገች፤ ጩጬ የእህቱን ጣት ይበልጥ ጨበጠ።

ስለዚህ ሚዛን ራሷ ሳቀች። መጀመሪያ የወጣው ሳል የመሰለ ነገር ነው። መጥፎ ሳቅ ነበር፤ በቴሌቪዥን ብታየው ኖሮ ውሸት ነው ብላ በአንድ መሥመር የምትጥለው ዓይነት። ደገመችው። ከፍ አደረገችው። ጩጬ ፊቱን ወደሷ አዞረ፤ ደህናው ወገን ትንሽ ፈታ አለ፣ ጣቷንም ለቀቀ። ወንበሩ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ሚዛን ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ፣ እንባዋ በአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ውስጥ ድረስ እንዲሰማው ብላ ሳቀችለት።